ከንጣፉ ሥር

የደረጃው መብራት ሁለቴ እስኪጠፋ
ባልዲዬን ይዤ ቆምኩ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቂርያት ጋት፤
ደወሉ እንዳያስደነግጥ በሩን በጣቴ ጫፍ መታሁት።

እናቲቱ ከፈቱ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣
መስታወቱም በአንሶላ ፊቱን ተከናንቧል።
«ማን ልበል?»
«ይርሳው።»
«ማን? ማን ነው የሚረሳው?»
አፈርኩ በስሜ።
ከእኔ በፊት የቀበረውን ልጅ ማስረሻ
አባቴ ያወጣው ስም ነው፤
ዛሬ ቀድሞኝ ገብቶ
የሰው ቁስል ነካው።

እንዴት እንደሆነ አልጠይቅም፤ የት እንደሆነ ብቻ።
ጣታቸው አሳየኝ፦ የኮሪደሩ መጨረሻ፣
የኤልያቭ ክፍል።
ጓንቴን ሳላጠልቅ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ሁልጊዜ የምጠይቀው፦
«እማማ፣ የማልነካው የቱን ነው?»
ትራሱን ይሉኛል ብዬ ነበር፣ ወይ ሸሚዙን።
ወደ በረንዳ ወሰዱኝ። ብስክሌት ቆሟል፣
ጎማው ላይ የደረቀ ጭቃ።
«ይሄን እንዳታጥበው። እሱ ነው ያመጣው።»

እዚህ አገር ከወለሉ ንጣፍ በታች አሸዋ ነው፤
የላዩን ሳሙና ያነሳዋል፣
በስንጥቁ የሰረገውን ግን ማን ያየዋል?
አራት ንጣፍ ነቀልኩ።
አሸዋው ጠቁሯል።
ይህ አይጣልም፤ በከረጢት ታስሮ
መቃብሩ ይወርዳል፣ ከልጁ ጋር ይተኛል።

በማንኪያ ስዝቅ አባቴ ትዝ አለኝ።
በእኛ መንደር ሙት የነካ ሰው
ሰባት ቀን ከደጅ፣ ከቤቱ ርቆ፣
ምግቡን በእንጨት እየገፉለት፣
በመጨረሻ ወንዝ ወርዶ ይነጻ ነበር።
እኔ ሳልነካ የዋልኩበት ሳምንት የለም፤
ሰባቱ ቀኔ መቼ ይሞላል፣ ወንዜስ የቱ ነው?
ማታ ማታ ሚስቴ ፎጣ ይዛ
በር ላይ ትጠብቀኛለች።
ያ ነው ወንዜ።

የከረጢቱ አፍ እየታጠፈ ሲያስቸግረኝ
ሁለት እጅ መጥቶ ያዘልኝ።
እናቲቱ ናቸው። መሬት ቁጭ ብለዋል።
ውጡ ማለት ነበረብኝ፤ ደንቡ እንዲያ ይላል።
ዝም አልኩ።
እኔ ስዝቅ፣ እሳቸው ሲይዙ፣
እህል እንደሚሰፍር ሰው
«ቀስ» ይሉኛል፣ «ቀስ በል፣ ፈሰሰ።»

አዲሶቹ አራት ንጣፎች ከቀሩት ነጡ።
ሱቅ ያለው ይኸው ብቻ ነው፣ ይቅርታ አልኳቸው።
በባዶ እግራቸው ወጡበት፣ ቆሙበት፣
«ይሁን» አሉ፣ «እግሬ ያውቀዋል።»

እስከ ደረጃው ሸኙኝ፣ መብራቱን አበሩልኝ፤
«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።»
በስሜ አልጠሩኝም።