ራይን ማዶ

«ራይን ማዶ የሚባል ሰፈር አለ አሉ፣
ሲንሲናቲ ውስጥ፤ ያገሩ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ።
ውሰደኝ» አለኝ ጋሽ ኅሩይ፣ በጠዋት፣ ቅዳሜ፣
ገና የጫማዬን ክር ሳላስር፣ በር ላይ ቆሜ።

ከኮሎምበስ ተነሣን፤ የሁለት ሰዓት መንገድ፤
በቆሎው የታጨደ ሜዳ፣ የጭነት መኪና ሲነጉድ።
እሱ ካፖርቱን እስካንገቱ ቆልፎ፣ ያወራኛል ስለ ኮሎኝ ሰፈር፣
ወንዙ ዳር ትከሻ ለትከሻ ስለ ቆሙት ቤቶች፣ ስለ ዓሣ ገበያው በር።

ተማሪ ሳለ ነው፤ ዛሬ ሃምሳ ዓመቱ ነው።
ዮአኺም የሚሉት የቤተ ሙከራ ጓደኛ ነበረው፤
በረዶው ሲበረታ ግራጫ ካፖርት አዋሰው።
«እሑድ ትመልስልኛለህ፤ ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነው።»

እሑድ ሄደ ጋሽ ኅሩይ፤ ድልድዩ መሃል ደረሰ፤
ባቡር አለፈ፣ ብረቱ ተንቀጠቀጠ፣ ነፋስ ነፈሰ፤
ካፖርቱ ሞቀው። ተመለሰ።

ማክሰኞ ዮአኺምን ሲያይ በሌላ በር አመለጠ።
በሚያዝያ ካፖርቱን ላሮጌ ልብስ ነጋዴ ሸጠ።
«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
እኔን የወሰደኝ ሙቀት ነው» ይላል።

ደረስን። ቀይ የጡብ ቤት፣ ጠባብ ጎዳና፣
ገሚሱ ታድሶ ያበራል፤ ገሚሱ በጣውላ ታሽጓል ገና።
የቢራ ጠማቂ ስም ግንቡ ላይ ደብዝዞ፣
ግማሹን ዝናም አጥቦት፣ ግማሹን ሐረግ ይዞ።
አስጎብኚያችን ኢርማ፣ ሰባ ያለፋት ባልቴት፣
ቅድመ አያቷ በርሜል ጠራቢ ነበሩ፣ እዚያ ማዕዘን ቤት፤
ነገረችን፣ ጦርነት ሲመጣ የጎዳናውን ስም እንደ ለወጡት፣
ብሬመን የነበረውን ሪፐብሊክ እንዳሉት።

«ወንዙስ?» አለ ጋሽ ኅሩይ። «ወንዙ የት አለ?»
የኢርማ ጣት ወደ ሰፊው አስፋልት ዘንበል አለ።
«ያ ነው። ቦይ ነበር፤ በቅሎዎች ጀልባ ይስቡበት ነበረ፤
ጀርመኖቹ ከማዶው ሰፍረው ራይን አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ።
ኋላ ውሃውን አፈሰሱና ለምድር ባቡር ዋሻ ገነቡ፤
ገንዘቡ አለቀ፤ ባቡሩም አልመጣ፤ ላዩን ይህን መንገድ ደረቡ።»

ጋሽ ኅሩይ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ዝምታ፤
«ወንዙም ካፖርት ደርቧል በለኛ!» አለኝ፣ ዞሮ ላፍታ።
ደግሞ ደንገጥ ብሎ፦ «ታዲያ ማዶ ነን? መቼ ተሻገርን?»
«ቅድም፣ በመኪና።»
«እሱማ አይቆጠርም፤ ወዲያ መልሰኝና…»

መለስኩት። ከከተማው ዳር ቆምን።
የእግረኛው መብራት በራ፤ ሃያ ሰከንድ ቁልቁል መቁጠር ጀመረ።
ክንዴን ሰጠሁት፤ ገፋው፤ በከዘራው ብቻ ተሻገረ፤
አሥራ አራት፣ ነጭ መስመር። ዘጠኝ፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ።
ሰባት ላይ ቆመ፤ የኔ ልብ ወጣ እስከ አፍ።
ከእግሩ ሥር ባቡር ያላለፈበት ዋሻ፣ ውሃ የሌለው ወንዝ፤
አንድ ሾፌር ጡሩምባ ነፋ፣ ረጅም፣ የሚያደነዝዝ።
ሁለት። አንድ።
ማዶ።

ካፖርቱን አወለቀ፤ አጣጠፈው፣ እጅጌን በእጅጌ ላይ፤
አግዳሚ ወንበሩ ላይ አኖረና ሄደ፣ ወደ ኋላ ሳያይ።
«ብርድ ነው ጋሼ» አልኩት።
«እሱም በርዶት ነበር።»

ሃያ እርምጃ አልሄድን። አንድ ወጣት፣ የገበያ ከረጢት ባንድ እጁ፣
«አባባ! ካፖርትዎን ረስተዋል!» ብሎ አቀበለው ልጁ።
ጋሽ ኅሩይ ካፖርቱን አየው፣ ልጁን አየው፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤
የወጣው ጀርመንኛ ነበር። ልጁ ግን አውቶቡስ ሊይዝ፣ አስፋልቱን አቋርጦ ሮጠ።

ስንመለስ መሸ። ማሞቂያውን አበራሁ፤ አጠፋው።
ካፖርቱን አልለበሰም፤ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣
የሌላ ሰው ኪስ ይመስል፣ ጣቱን ሰደደና ቶሎ አወጣው።
ዊልሚንግተንን ስናልፍ ነው ዝምታውን የሰበረው፦
«አንዱ ቁልፍ ላልቷል። ቤትህ መርፌ አለህ?
እንዲህ ሆኖ ለሰው አይመለስም፤ ነውር ነው።»