የኒውሊን ጣሪያ

ኬሬንሳ፣ ብዕሩን አስቀምጪው፤ ተነሺ፣
ውሉን ከመጻፍሽ በፊት ግድግዳውን ዳብሺ።
ወረቀት አይረጥብም፤ ቤት ግን ይረጥባል፣
የጨው ጢም አብቅሎ ከሥር ወደ ላይ ይሳባል።
የጣሪያውን ድንጋይ ቁጠሪ፣ ስንቱ እንደ ጎደለ፣
አሸንዳውን እዪ፣ ሣር በቅሎበት ካለ።
ፎቶ አንሺ፤ ቀን ጻፊበት፤ ሁለቱም ይፈርሙበት፣
ከውሉ ጋር ስፊው፤ ኋላ እንዳይካካዱበት።

እኔ አላነሣሁም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ቃል ይበቃኛል ባይ፤
ከወደቡ ፊት ያለ ሱቅ፣ ሦስት መስኮት፣ ሰፊ ሰማይ፤
ተከራዩ ጎራን ትሬምባት፣ ሸራ ሰፊ፣ ዝምተኛ፣
እጁ በሰም የደደረ፣ ከመርፌው በቀር የለው ጓደኛ።
«ተከራይ ቤቱን ጠግኖ በመልካም ይዞታ ያቆያል»
ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ቃል። ከስድስት ቃል ምን ይታያል?
ለካ የፈረሰ አይቆይም፤ «ያቆያል» የተባለ መጀመሪያ ያድሳል፣
ለመቶ ዓመት ቀዳዳ የአምና ተከራይ ይከሰሳል።
በኅዳሩ ማዕበል ጣሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጠ፣
ጎራን የሰው ቤት ሊከድን የራሱን ጀልባ ሸጠ።

በአምስተኛው ዓመት መውጫ አበጅቼለት ነበር፣
ግን «ቤቱን ባዶ አድርጎ ካስረከበ» የምትል አጥር።
ወጣ፤ ወለሉን ጠረገ፤ ቁልፉን ሰጥቶ ተለየ፤
አንድ የስፌት ጠረጴዛ ቀረች፤ አከራዩ እሷን አየ።
በአራት ብሎን የታሰረች፣ ለመንቀል ከብዳው፣
ሁለት ዓመት ኪራይ በላች ቆማ በባዶው ጓዳው።
የተጻፈ ይወረሳል ሲሉ መልካሙን ብቻ አይደለም፣
ስሕተትም ወራሽ አለው፤ ቀለም ምሕረት አያውቅም።

መውጫ ስትጽፊ፣ ሻንጣ ይዘሽ ከደጁ ላይ ቁሚ፣
ኪራዩን የከፈለ ይውጣ በዪ፤ ሌላ ሸክም አታሸክሚ።
«ተገቢ» የሚል ቃል ሲመጣ፣ በማን ሚዛን? በዪ፣
«ወዲያውኑ» ሲሉሽ፣ ስንት ቀን? ቀን መቁጠሪያ እዪ።
ከወጣ የማይወርድ ኪራይ አከራዩ ከጠየቀ፣
ባሕሩን በመስኮት አሳዪው፤ ሞልቶ ያልሸሸ የት ዘለቀ?
(አይሰማሽም። ቢሆንም አሳዪው።)

ጎራን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።
ከተረፈው ሸራ ቦርሳ ሰፋልኝ፣ ድርብ ስፌት፣
«ውልሽን ክተችበት» አለኝ፣ «ውሃ አያስገባም።»
ይኸው፣ ይሄ ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ።

በይ ኮትሽን ልበሺ። ዝናብ ነው፤ ጥሩ ነው፤
በፀሐይ ቀን ሁሉም ጣሪያ ደኅና ይመስላል።
መሰላሉ ከመኪናው ኋላ አለ።