ስሟን ለቀንዳሙ

ሃፕሳሉ ላይ ባሕር በረዶ ሲጋገር፣
ሄልዩ ባሏን ይዛ፣ ከኋለኛው ወንበር።
ተረቱ ያረጀ፣ ፊልሙ ግን አዲስ ነው፤
ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ቀንዳም ወርቅ ሰፋሪው፦
«ነፍስህ ላንተ ትሁን፣ ስንዴህም አያሻኝ፤
የሚስትህ ስም ብቻ፣ አንዲት ቃል ትብቃኝ።»

ባለወፍጮው ጥርሱን ነከሰ።

ኡርማስ ግን
ያለ ወርቅ፣ ያለ ውል፣ ያለ አንዳች ፈታኝ
ስሟን ካስረከበ ድፍን ሁለት ዓመቱ፤
ዛሬም የጫማውን ክር ስታስርለት
«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» ብሏታል።

ቀንዱ ሸራውን ሲሞላው
አንድ ሻካራ መዳፍ ዓይኗን ሸፈናት።
«አትይው» አላት፣
«አንቺ እኮ ቀንዳም ነገር ትፈሪያለሽ።»

አዳራሹ አጨበጨበ።
ወፍጮው ይቃጠል፣ ቀንዳሙ ይቅለጥ፣
ሄልዩ አላየችም፤
መዳፉ ስር ነበረች።