ኑዛዜ ላይ የሌለ

ስፔን፣ ሃኤን ከተማ፣ ውል አዋዋዩ ጉሮሮውን ጠርጎ
ኑዛዜ አነበበ መነጽር አድርጎ፤
«ወይራው ለፋኩንዶ፣ ከወንዝ እስከ ጉብታ፤
ለኦብዱልያ ቤቴ፣ ከነሰዓቱ ጋር፣ ይሁን በስጦታ።»
ፋኩንዶ እኔ ነኝ። ፈረምኩ፤ ፈረመች።
አንዱን ግን አልጻፈም። ሳይጻፍ ወሰደች።

ግንቦት ላይ ወይራችን ሲያብብ በየመስመሩ፣
ቢጫ ብናኝ ሲለብስ መኪናው፣ በረንዳው፣ የውሻችን ፀጉሩ፣
እኔ ከሥሩ ቆሜ ሳንባ ሙሉ እስባለሁ፣
ያላንዳች መሐረብ እስኪመሽ አርሳለሁ።
እሷ ግን ከተማ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣
ስፌቷን ታጥፋለች፣ ዓይኗ ደም ለብሶ፣ አፍንጫዋ ነዶ።

ሐኪሟ ደም ቀድቶ፣ ክንዷን ጭሮ አይቶ፣
«ከወላጅ ነው» አላት፤ «አንዱን ልጅ ይይዛል፣ ሌላውን ልጅ ትቶ።»
ዘር ነዋ እንግዲህ! ነፋሱ አይመርጥም፣
የወደቀበትን ማሳም አይጠይቅም።

ባለፈው እሑድ ግን፣
ዓይኗ የጠፋ እናቴ ጓዳ ተጋድማ፣
ገበታው ቀርቦልን፣ ማንኪያ ብቻ ሲሰማ፣
ኦብዱልያን አነጠሳት። አንዴ። ሁለቴ። ቆየት አለና
ሦስተኛው ወጣ፣ ያባታችን ቃና፣
መጨረሻው ላይ ፉጨት አለበትና።

«ኤሊሴዮ!» አለች እናታችን ካልጋው፣
«መጣህ? እጅህን ታጠብ፣ ቀዘቀዘ ሾርባው።»

እኅቴ አፏን በመሐረብ ይዛ
አየችኝ፤ እንባዋ የብናኙ ይሁን የሌላ ሳይለይ፣ እንዲሁ ፈዝዛ።

ማታ ወደ ወይራው ወጣሁ ብቻዬን፤
ካበበው ቅርንጫፍ አንዱን ጎትቼ ቀበርኩ አፍንጫዬን፤
ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ።
ምንም።