ለጋሽ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ባጃጄን አቁሜ ከሆስፒታሉ በር
አራት ሰዓት ሙሉ ተጋድሜ ነበር።
በግራዬ ወጥቶ በቀኜ ሲመለስ
ደሜ እንደ ባጃጄ ደርሶ መልስ፣ ደርሶ መልስ፤
ማሽኑ በየዙሩ ነጭ ነጩን አስቀረ፣
እንደ ትራፊክ ፖሊስ እያስቆመ፣ እየመረጠ፣ እያሰረ።

«ለማን ይሆን?» ብዬ ውባለምን ጠየቅኋት፣
(ዶክተር ናት፤ ተማሪ ሳለች ነው የማውቃት፣
ከፖሊ እስከ ፔዳ በኮንትራት ያመላለስኋት።)
«ገና አልታወቀም» አለች፤ «ስም የለውም ዛሬ፣
በረዶ ውስጥ ይቆያል፣ እንደ ጎተራ ጥሬ፤
የበሽተኛውን ደም ወስደን እስክንሠራለት
ስንቱን አጥተነዋል በቀጠሮው ዕለት።»

የኔም ስም ተፋቀ። ከረጢቱ ላይ ያለው ዐሥራ ሰባት፤
እንደ ታርጋ ነው፤ ማንም ይሳፈርበት።

ከዚያ አስረዳችኝ በካርቶን ላይ ስላ
ያ ነጩ ወታደር ምን እንደሚበላ።
በየሴሉ ደጃፍ እየቆመ፣ አሉ፣
«የማን ነህ?» ነው ቃሉ፤
«የማን ነህ? የማን ወገን? ማን ነው ዘርህ?»
የኔ ካልሆንህማ አለቀ ነገርህ።

«እሷን ጥያቄ ነው ቆርጠን የምናወጣት፤
ሳንቆርጥ ብንሰደው፣ እንግዳ በሰው ቤት፣
ካንሰሩን ይተውና ባለቤቱን ይፈጃል፣ ከቆዳ፣ ከጉበት፣ ከአንጀት።
በእሷ ፋንታ አዲስ ዓይን ነው የምንሰጠው፤
ዘሩን አይጠይቅም፤ በሽታውን ነው የሚለየው።»

ዝም አልሁ።
እኔ እሷን ጥያቄ አውቃታለሁ፤
ሰው ጭኜ ስመለስ፣ ኬላ ላይ ሰምቻታለሁ፤
አንዱን ልጅ አስወርዳ፣
እኔን «ንዳ!» ብላ። ነዳሁ። ይኸው ዕዳ።
የመልሱ አምስት ብር አለ እስከ ዛሬ ኪሴ፤
ላጠፋው ብል እንኳ እንቢ ትላለች ነፍሴ።

ሰው ካንሰርን ሲያወራ «እምቦጭ ነው» ይላል፣
ጣና ላይ ተኝቶ ውሃውን ይውጣል።
አይደለም።
እምቦጭ ባዳ ነው፤ ከባሕር ማዶ ነው ዘሩ፤
ካንሰር ግን የቤት ልጅ፣ ከኛው ነው አፈሩ፤
እዚያው ቤት ተወልዶ፣ እዚያው ጠግቦ አድጎ፣
«የማን ነህ?» ሲባል መልስ አለው፤ ያልፋል ተሸሽጎ።

አንዱ ድኗል አሉኝ፤ ከዘጌ፣ ወይ ከቁንዝላ፤
ስም አይነገርም። ሌላዋ ግን ኋላ፣
በሦስተኛው ወሯ፣
«እንግዳ ነህ» ብሎ አስወጣው ከበሯ
የገዛ አካሏ። በሽታው ገባ፣ በዚያው በር።
ውባለም ስትነግረኝ ካርቶኑ እጇ ላይ ነበር፤
«ሙከራ ነው» አለች፤ አንዱን መስመር ሰርዛ ሌላ ትስል ጀመር።

ዛሬ ማታ ከጣና ዳር፣ ከጀልባዎቹ ወደብ፣
አንድ ሰው እጁን ዘረጋ፤ ኮፍያ አጥልቋል፤ ፀጉር የለው፣ ቅንድብ።
ከኔ ትንሽ ይዞ ይሆናል። ላይዝም ይችላል።
ነፋሱ የውሃ ሽታ አለው፤ እሱ ይንቀጠቀጣል።
ምላሴ ላይ መጣች፣ ያቺው የአገር ልማድ፣
አንዳንዴ ለመግደል፣ አንዳንዴ ለመዛመድ፤
«ወንድም፣ የማን...» ዋጥኋት።
የዝናቡን ሸራ ገለጥሁለት፣
«የት ልውሰድህ?» አልሁት።