ሃያ ፍራንክ

ኦስተንድ ላይ ጨው ሳያንኳኳ ይገባል፤
በቁልፍ ቀዳዳ ሾልኮ መዳብ ይበላል።
የበጋው እንግዳ ሄዷል፣ ትራሙ ባዶውን ይከንፋል፤
የዋፍል ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ጃንጥላውን ያጥፋል።
ማክሰኞ ማለዳ ጎደሊቭ ደወለች፣
«ትናንት አበራሁት፤ አብዷል መሰል» አለች።

ምድር ቤት ወረድኩኝ በጠባቡ ደረጃ፤
ሳጥኑ ቆሟል ጥግ ይዞ፣ አቧራው እንደ ስጋጃ፤
ጎኑ ላይ አንድ ጠላቂ ከባለ ስምንት እግር አውሬ ይታገላል፣
(ቀለሙ ተልጦ አውሬው አምስት እግር ቀርቶታል።)

ስክሪኑ ሲበራ የታየው እብቅ ነው፣
ፊደል የመሰለ፣ ማንም የማያነበው።
ቀጭ! ይጠፋል። ቀጭ! ይበራል። ደግሞ ቀጭ።
የዘበኛው ጩኸት ነው፤ ሌላ የለውም ምንጭ።
ሰሌዳው ላይ አለ አንድ የማይተኛ ዘብ፣
አንጎሉ ካንቀላፋ በሰከንድ ሩብ፣
በጥፊ የሚቀሰቅስ፣ «ከሀ ጀምር!» የሚል፤
ለምን እንደደከመ ግን መጠየቅ የማይችል።

ቮልቱን ለካሁት፤
አምስት መሆን ሲገባው አራት ተኩል ላይ ዋለለ፤
አፌ አመለጠኝና ባገሬ ቋንቋ፣ «ጎደለ!»
ጎደሊቭ ስሟን መስሏት ከደረጃው አናት
«መጣሁ» አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩት፤ እንዴት ልንገራት።

ብሎኑን ጠምዝዤ ሞላሁት። ዘበኛው አልተኛም።
ቺፖቹን በጣቴ ዳሰስኩ፣ ግንባር እንደሚዳሰስ ለወባ ሕመም፤
ከሦስተኛው ረድፍ አንዱ ፈጀኝ፤ ነቅዬ ቀየርኩት።
እብቁ ቀነሰ። ጩኸቱን ግን እንደነበር አገኘሁት።

ያኔ ነው ያየሁት፦
ሰማያዊ ባትሪ፣ አውራ ጣት ቢያህል ነው፣
አረንጓዴ ጺም አብቅሏል፣ ዕድሜ እንዳደከመው።
ሥራው ማስታወስ ነበር፦ መብራት የጠፋ ለታ
ያሸናፊዎቹን ስም ጉንጩ ይዞ ማደር፣ እስኪነጋ፣ በዝምታ።
ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘና አንድ ቀን ሆዱ ፈሰሰ፤
በዙሪያው ያለውን የመዳብ መንገድ ሁሉ ጨረሰ።
አደራ ጠባቂው ነው አደራውን ያፈረሰ።

ሆምጣጤ በጥርስ ብሩሽ፤ አረፋው ቸስ ቸስ አለ።
ዘጠኝ መንገድ ተበልቷል፤ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ተቀጠለ።
የሰሌዳውን ጥርሶች በላጲስ ብፈትጋቸው
ከጥላሸቱ በታች ወርቅ ሆነው አገኘኋቸው፤
ቅኔ እንዳይመስላችሁ፣ ወርቅ ነው፣ ከትንፋሽ የሳሳ፣
ሰሙም አለ፦ ብየዳው ላይ የጥድ ሙጫ ጢሱ ሲነሳ።

«የዊም ስም አለ?» አለች። ወንድሟ ነው ዊም።
«ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት፤ አጥፍቼው ነው የኖርኩ፣ እንዳይነካው ማንም።»
ዝም አልኩ።
በርቶ ቢሆን ባትሪው በየቀኑ ይሞላ ነበር፤
የገደለው መጥፋቱ ነው፤ እንዴት ለእኅት ይነገር?
«ባትሪ ያረጃል» አልኳት።
ውሸት አይደለም፤ እውነትም አልሞላም።

ማምሻውን ተነሳ። ዘበኛው ጸጥ አለ።
ሠንጠረዡ ወጣ፤ ፋብሪካው የሞላው፣ አንድም የሰው ስም የሌለ።
ጎደሊቭ ከብስኩት ቆርቆሮ ሃያ ፍራንክ አወጣች፤
ባንክ የተዋት ሳንቲም፣ ሳጥኑ ጉሮሮ ውስጥ ኳ ብላ ወረደች።

አርባ ሰከንድ ተጫወተች። አውሬው እግሯን ያዛት።
አሥረኛ ወጣች፤ «ሦስት ፊደል ጻፊ» አላት።
ዘንጉን ቀስ አድርጋ ገፋች፤ ፈልጋ፣ አልፋ፣ ተመልሳ፣ ዊም አለች፤
በኔ ፊደል ሁለት ነው፣ በሷ ሦስት፤ ሦስቱንም እየቆጠረች።

አዲሱን ባትሪ ከሰሌዳው አርቄ በሽቦ አስሬዋለሁ።
እጇ በልማዱ ወደ ማጥፊያው ሲሄድ አየሁ።
«ይብራ» አልኳት።
«ለምን?»
«ለጨዉ።»