አስራ ሰባተኛው

ከጦሳ የወረደው ጭጋግ ደሴን አለበሰ፤
ከሠላሳ ሁለት ሰው፣ ሃያ ስድስት እስከ መጨረሻው ደረሰ።
ለቀሩት ስድስቱ አንድ መስመር በቃቸው፤
"ክትትል ያቋረጡ" ብዬ ዘጋሁባቸው።

ስምንት ሳምንት ሙሉ፣ እንጨት ከቀዳዳ ሲነቅሉ ሲተክሉ፣
እኔ ሰዓት ስይዝ፣ እነሱ ሲያልቡ፣ "ዛሬስ ስንት?" ሲሉ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣
"ግሩም ነው" አሉ፣ ሰንጠረዡን አይተው፤
"አማካዩ እንዲህ ወጥቶ! ይታተማል ይሄ፤
ሳይውል ሳያድር ላኪው።"

እኔ ግን አንድ ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ።
አስራ ሰባት።
ያን ጊዜ ቅጹን ስሞላለት፣
"ቁልፍ ይቆልፋሉ?" — "አልሐምዱሊላህ።"
"በማንኪያ ይበላሉ?" — "አልሐምዱሊላህ።"
"ሕመሙስ?" — ፈገግ አለ — "አብሽሪ፣ አልሐምዱሊላህ።"
እኔም በየሣጥኑ አራት አራት ሞላሁ፤
ምስጋናውን ለካሁ፤ ለካ እጁን አልለካሁ።

ቅዳሜ በማለዳ ሐይቅ ወረድኩ በሚኒባስ።
እብሬ ሙሔ ከሸምበቆው ዳር፣
መረቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ነበር፤
የክሩን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣
ግራ እጁን እንደ ድንጋይ ከላይ ጭኖ፣ መረቡ እንዳይሸሽ።

"ምነው ቀረህ?" አልኩት።
"የደሴ መሳፈሪያ የሁለት ቀን ዓሣ ነው፤
እኔ ስመላለስ ልጆቼን ማን ያብላቸው?"
"ታዲያ 'ደህና ነኝ' ያልከኝ?"
"እህቴ፣ እንግዳ 'እንደምን አለህ?' ሲል፣
'ክፉ ነኝ' ይባላል? ወሎ ያሳደገው ሰው ሌላ ምን ይበል?
ደሞ ያ ጥያቄሽ! ሸሚዜን እይማ፣ ቁልፍ አለው ወይ?
ማንኪያስ እኔ ቤት፣ ሰርግ ካልሆነ፣ ይታያል ወይ?
መረብ ብትጠይቂኝ እውነቱን በነገርኩሽ፤
ይቺ እጅ ቋጠሮ ከረሳች ዓመቷ ነው፣ ባልኩሽ።"

ቅጹን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።
አምስት ሰው ይቀረኛል። አንዷ ባቲ ናት፤
አንዱን ሞቷል ይላሉ፤
ሦስቱን የሚያውቅ የለም፣ የት እንዳሉ።
አማካዩ ይወርዳል።
ይውረድ።

"በይ ያዢልኝ" አለና የመረቡን ጠርዝ ሰጠኝ።
ቋጠረ፤ ሾለከ።
ደገመ፤ ሾለከ።
ነፋስ ከውኃው ተነሥቶ መረቡን ነካካ፤ ሳቀበት።
በሦስተኛው ያዘ፤ ወይም የያዘ መሰለኝ።
ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አልጻፍኩም፤
ሰዓቴም ከእጄ አልነበረም።
ጥርሱ ግን
ክሩን ለቆ ነበር።